የቀበሌያችሁን ደን በራሳችሁ ደንብ እንዴት ትጠብቃላችሁ?

ብዙ ቀበሌ የደን ደንብ አለው። ያለው ግን ሊቀመንበሩ መሳቢያ ውስጥ ነው። አንድ ገጽ ወረቀት፣ ከታች ማኅተም፣ ከላይ «ዛፍ መቁረጥ በጥብቅ የተከለከለ ነው»። በዚያው ሳምንት የአንዱ ሞፈር ይሰበራል፣ የአንዷ ማገዶ ያልቃል። ሁለቱም ምሳር ይዘው ወደ ደኑ ይወጣሉ። ደንቡም እዚያው ላይ አበቃለት።

በእኔ እምነት የማይሠሩ ደንቦች በሽታቸው አንድ ነው። መከልከል እንጂ መፍቀድ አያውቁም። ሰው ማገዶ፣ ሣር፣ ማገር፣ የእርሻ ዕቃ ያስፈልገዋል። ደንቡ እነዚህን ከየት፣ መቼና እንዴት እንደሚያገኝ ካልነገረው በሌሊት ሄዶ ይወስዳል። ስለዚህ እዚህ ከቅጣቱ ይልቅ ፈቃዱ ላይ ብዙ እንቆያለን።

ነገሩ አዲስ አይደለም። መንዝ ውስጥ ያለውን ጓሳን ተመልከቱ። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ይፈለጋል። የአስቦና የጌራ ተወላጆች ቦታውን ለብዙ ትውልድ በጋራ አስተዳድረውታል። ሣሩ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋል። ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፣ ባለመብቱ ሁሉ ያጭዳል፣ ከዚያ እንደገና ይዘጋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ከታወጀ በኋላ ያ ሥርዓት ፈረሰ፣ ቦታውም ለጉዳት ተጋለጠ። ኋላ ነዋሪው በአዲስ መልክ ተደራጅቶ ደንብ አወጣለት። ዛሬ ጓሳ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ነው። ለዘመናት ያቆየው መዝጋቱ ብቻ አይመስለኝም። የሚከፈትበት ቀን እንደሚመጣ ሰው ሁሉ ማወቁም ነው።

1. ከተጠቃሚዎቹ ጋር ደኑን ዙሩት

ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት ደኑን በእግር ዙሩ። ብቻችሁን ግን አይሆንም። ማገዶ የሚለቅሙ ሴቶችን፣ እረኞችን፣ ቀፎ የሚሰቅሉትን፣ አናጺውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ የባህል መድኃኒት የሚያውቁትን ይዛችሁ ውጡ። ከሰል የሚያከስለውንም አትርሱት። እሱ ስብሰባ ላይ ትንፍሽ አይልም። ደኑን ግን ከሁላችሁም በላይ ያውቀዋል።

ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው። ከዚህ ምን ትወስዳለህ? በየትኛው ወር? ይሄ ቢዘጋ ምን ይውጥሃል? ድሮ እዚህ ምን ዛፍ ነበር? የመጨረሻውን ሽማግሌዎች ይመልሱላችኋል። ሌላውን ግን ሴቶቹና እረኞቹ ናቸው የሚያውቁት። በትልቅ ስብሰባ ሴቶቹ ዝም ስለሚሉ ለብቻቸው አነጋግሯቸው። የትኛው ሸለቆ ጭራሮ እንዳለው፣ በየትኛው ወር ማገዶ እንደሚጠፋ እነሱ ይነግሯችኋል። ደንቡ የመጀመሪያ ፈተናውን የሚያየውም በዚያው ወር ነው።

ስትዞሩ ጉቶ ቁጠሩ። ቀለም ይዛችሁ ያገኛችሁትን ጉቶ ሁሉ ምልክት አድርጉበት። ወሬ ይዋሻል፣ ጉቶ አይዋሽም። ይህ ቁጥር በየዓመቱ መለኪያችሁ ይሆናል።

በበጋ ከሌላ ቦታ ከብት እየነዱ የሚመጡ ሰዎች ካሉም ፈልጋችሁ አግኟቸው። «እንግዳ ናቸው» ብሎ መዝለል ጠብ መዝራት ነው። በሕግም ቢሆን ቀላል አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ለአርብቶ አደሮች የግጦሽና የእርሻ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት ይሰጣል። የውኃ መንገዳቸውንና የሚያልፉበትን ወቅት ከእነሱ ጋር ተስማሙበት፣ ደንቡ ውስጥም አስገቡት።

2. መሬቱ የማን እንደሆነ አረጋግጡ

የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ደንን በባለቤትነት በ4 ይከፍላል፦ የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት። የእናንተ የትኛው ነው? መልሱን በግምት አትሥሩት። ወረዳው መሬት አስተዳደር ሄዳችሁ ጠይቁ።

የማኅበረሰብ ደን ከሆነ መንገዱ ቀና ነው። የመንግሥት ደን ከሆነ ግን የቀበሌ ስብሰባ ብቻውን አይበቃም። ደኑን ከሚያስተዳድረው የክልል አካል ጋር በጽሑፍ መስማማት ያስፈልጋል። ይህ «አሳታፊ የደን አስተዳደር» የሚባለው ነው። በአገራችን ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንደ ጭሊሞ፣ ቦንጋና ዶዶላ ባሉ ቦታዎች ተሞክሯል። በስምምነቱ ማኅበረሰቡ ይጠብቃል፣ በልኩ ይጠቀማል። መንግሥት ደግሞ መብቱን በወረቀት ያረጋግጥለታል። ወረቀቱ ከሌላችሁ ነገ አንድ ባለሀብት ካርታ ይዞ ሲመጣ በእጃችሁ የሚቀረው የስብሰባ ትዝታ ብቻ ነው።

ወሰኑን ስትለዩ ሰው በዓይኑ የሚያየውን ምልክት ተጠቀሙ። ወንዝ፣ ገደል፣ መንገድ፣ የታወቀ ዋርካ። ምልክት በሌለበት ድንጋይ ከምራችሁ ነጭ ቀለም ቀቡ። የወረዳ ባለሙያ በጂፒኤስ ከለካው ደግሞ ጥሩ ነው፣ ነጥቦቹን ከደንቡ ጋር አያይዟቸው። ከዚያ አጎራባች ቀበሌዎች ወሰኑ ላይ ቆመው አይተው ይፈርሙ። ቢሮ ተቀምጦ የተፈረመ ወሰን ኋላ ጣጣ አለው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የግል ማሳን በ«ደን ጥበቃ» ስም አትጠቅልሉ። የይዞታ ደብተር ያለው ገበሬ ማሳው ላይ ያለች ግራር የእሱ ናት። ማሳ ላይ ያሉትን ዛፎች መጠበቅ ከፈለጋችሁ ከባለቤቱ ጋር በፈቃዱ ተስማሙ።

3. አባሉ ማን ነው?

«ሁሉም ነዋሪ» ማለት ደስ ይላል፣ ግን አይሠራም። ስም ዝርዝር ይኑር። በዶዶላ «ዋጂብ» በሚባሉት የደን ነዋሪዎች ማኅበራት አንድ ቡድን ቢበዛ 30 አባወራ እንዲይዝ፣ ለአንድ አባወራም 12 ሄክታር ያህል ደን እንዲታሰብ ተደርጎ ነበር። ቁጥሩን አትገልብጡት፣ የእናንተ ደን ትንሽ ሊሆን ይችላል። ሐሳቡን ግን ውሰዱ፦ ደኑ ስንት ሰው ይችላል?

ባልና ሚስት ሁለቱም በየስማቸው ይመዝገቡ። መሬት የሌላቸው ወጣቶችና ብቻቸውን ቤት የሚያስተዳድሩ ሴቶች ከዝርዝሩ መውደቅ የለባቸውም። ማሳ የሌለው ሰው ከሁሉም በላይ ደኑን ይፈልጋል። ካገለላችሁት ሌሊት ትገናኛላችሁ።

ባህላዊ ሥርዓት ካላችሁ ከጎኑ ሌላ ኮሚቴ አትትከሉ። በ2023 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር የሶንጎ (የባህላዊው ሸንጎ) ሽማግሌዎች ቃል ዛሬም ክብደት አለው። አባ ገዳ፣ የአገር ሽማግሌ፣ እድር፣ የሚሰማ ሰው ያለበትን ቦታ ያዙ። አዲሱ ነገር ጽሑፉና መዝገቡ ብቻ ይሁን። ከዚህ በታች «ኮሚቴው» የምለው ይህንኑ አካል ነው፣ ባህላዊ ሥርዓት ከሌላችሁ ደግሞ አባላቱ የሚመርጡትን ኮሚቴ።

4. የሚፈቀደውን አንድ በአንድ ጻፉ

የደንቡ ልብ እዚህ ነው። ለእያንዳንዱ ነገር አራት ጥያቄ መልሱ፦ ማን ይወስዳል? ስንት? መቼ? በምን መሣሪያ?

ከማገዶ እንጀምር። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን ብርሃን፣ የወደቀ ደረቅ እንጨት ብቻ፣ አንድ ሸክም። መሣሪያው? እጅና ገመድ። «እርጥብ ዛፍ መቁረጥ ክልክል ነው» ከሚል ደንብ «ምሳርና መጋዝ ይዞ ደን መግባት ክልክል ነው» የሚለው ይሻላል። የመጀመሪያውን ለማስከበር ጠባቂው ሰውየውን ሲቆርጥ መያዝ አለበት። ሁለተኛውን ለማስከበር መግቢያው ላይ መቆም ይበቃል።

«የወደቀ» የምትለዋን ቃል አትዝለሏት። «የደረቀ» ብቻ ካላችሁ ብልጡ ዛፉን ዙሪያውን ይልጠውና ይጠብቃል። ሲደርቅ መጥቶ «ያው ደረቅ ነው» ይላችኋል። ቆሞ የደረቀ ዛፍም ሥራ አለው። ወፍም ንብም ቤት የሚሠሩት እሱ ውስጥ ነው።

ሣርን በተመለከተ፣ በተከለለው ቦታ ውስጥ ከብት አይግባ፣ ሣሩ ታጭዶ ይውጣ። ፍየል ጉቶ ላይ የወጣውን ቀንበጥ ከበላች የዓመት ሥራ ገደል ገባ ማለት ነው። የአጨዳው ቀን ግን በካሌንደር አይወሰን። ኮሚቴው ሣሩን አይቶ ዘሩ ማራገፉን ሲያረጋግጥ ያውጅ። ዝናቡ የዘገየበት ዓመት ሣሩም ይዘገያል። ዘሩን ሳያራግፍ በየዓመቱ ከታጨደ ጥሩ ጥሩው ሣር እየጠፋ አረሙ ይነግሣል።

ከብቱስ የት ይሂድ? ይህን ሳትመልሱ ተራራውን በሙሉ በአንድ ቀን ከዘጋችሁት ልቅ ግጦሹ ወደ ጎረቤት ተራራ ይዛወራል፣ ጠቡም አብሮት። መጀመሪያ የተወሰነውን ክፍል ከንክኪ ነጻ አድርጉ። ሲያገግም ሌላውን ክለሉ። ከብት ወደ ውኃ የሚወርድበት መተላለፊያ ካርታው ላይም መሬቱ ላይም ይታይ።

የእርሻ ዕቃና የቤት እንጨት። ሞፈር፣ ቀንበር፣ ድግር፣ ምሰሶ፣ ማገር። እነዚህን ጨርሶ መከልከል ሰውን ሌባ ማድረግ ነው። ጠያቂው ለኮሚቴው ያመልክት። ሁለት የኮሚቴ አባላት አብረውት ወጥተው፣ ተጨናንቆ ከበቀለበት ቦታ አንዱን መርጠው ቀለም ይቀቡለት። ቀለም ያልነካው ዛፍ አይቆረጥም። ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው ወረፋ ሳይጠብቅ የሚስተናገድበት አንቀጽም ይኑር።

እዚህ ላይ የዛፍ ዓይነት ለዩ። ብዙ ደንብ ዛፍን ሁሉ አንድ ያደርገዋል። ወይራ፣ ብሳናና ክትክታ ሲቆረጡ ከጉቶው ያቆጠቁጣሉ። የአበሻ ጽድ ግን አያቆጠቁጥም። ከተቆረጠ ሄደ፣ የሚተካው ከዘር ብቻ ነው። ጽዱን፣ እንዲሁም በአካባቢያችሁ ያለቁትን፣ ለምሳሌ ኮሶ፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት፣ በስም ጠርታችሁ «በምንም ምክንያት የማይነኩ» በሉ። ጥቂት የቀሩ ትልልቅ ዛፎች ካሉ የዘር እናቶች ናቸውና በቁጥር መዝግቧቸው።

ጉቶዎቹን ደግሞ እንደ ንብረት ያዟቸው። አንድ ጉቶ ብዙ ቀንበጥ ያወጣል። ጠንካሮቹን ከ3 እስከ 5 መርጦ ማስቀረት፣ ሌላውን መቁረጥ፣ የተመረጡትንም ከታች በኩል መመልመል ነው። ሥሩ ቀድሞ ስላለ ከችግኝ በጣም ይፈጥናል። የተመለመለው ጭራሮ ደግሞ ለአባላት ማገዶ ይሆናል። ሥራውን ቀን ቆርጣችሁ በጋራ ሥሩት። ምሳር ደን ውስጥ የሚገባው በዚያን ቀንና ቀለም የተቀባውን ዛፍ ለመቁረጥ ብቻ ይሁን።

መድኃኒት ለሚቀምሙት፦ ልጡ ከአንድ ጎን በቀጭኑ ይነሣ፣ ዙሪያውን ግን አይላጥ። ቅጠሉ የሠራው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በልጡ ውስጥ ነው። ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ሥሩ ተርቦ ይሞታል። ሥር የሚቆፍሩም ካሉ ከአንድ ተክል ሥሩን ሁሉ አያውጡ።

ማር ቆራጮች ደን የሚወዱ ሰዎች ናቸው፣ ግን እሳት ይይዛሉ። በበጋ ሲቆርጡ ሁለት ሆነው፣ ሥሩን ጠርገው፣ ውኃ ይዘው። እሳቱ ጠፍቶ አመዱ ሳይቀዘቅዝ ከቦታው አይሄዱም። እሳት ከተነሣ ደግሞ አባል ሁሉ የመውጣት ግዴታ ይኑርበት፣ የጥሪው ምልክትም (ጡሩምባ ይሁን ደወል) ቀድሞ ይታወቅ።

ከሰልን በተከለለው ደን ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከልክሉ። እዚህ ላይ መደራደር አያዋጣም። ሲያከስል የነበረውን ሰው ግን ጠባቂነት ወይም የቀፎ ሥራ ስጡት። ማን መቼ እንደሚገባ ያውቃል፣ ጎበዝ ጠባቂ ይወጣዋል።

ባሕር ዛፍን መርገም ፋሽን ሆኗል። እኔ አልስማማም። በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የገባው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ ጭንቅ አውጥቷታል። ዛሬም ጓሮው ባሕር ዛፍ ያለው ሰው ወይራ ለመቁረጥ ሌሊት አይነሣም። ምንጭ አጠገብና ለም ማሳ ላይ አይተከል፣ አገር በቀሉን ነቅሎም አይግባ። ዳር ላይ ግን ለማገዶና ለማገር ይሁን፣ ደንቡም ቦታውን ይንገረው።

5. ጥበቃውን አደራጁ

ሁለት መንገድ አለ፦ ተራ ጥበቃና ቅጥር ጠባቂ። ተራው ርካሽ ነው፣ ሰውንም ከደኑ ጋር ያስተዋውቃል። ግን በእርሻ ወቅት ይላላል፣ ዘመድም ዘመዱን አይይዝም። ቅጥሩ ይጠነክራል፣ ግን ደመወዝ ይፈልጋል። ብዙ ቦታ የሚሻለው ቅልቅሉ ይመስለኛል። አንድ ጠባቂ ይቀጠርና በየቀኑ ሁለት ተረኛ አብሮት ይዙር። ደመወዙ ከሣር ሽያጭ ወይም ከአባላት መዋጮ ይከፈል። በጀቱን ሳትወስኑ ጠባቂ አትቅጠሩ። ያልተከፈለው ጠባቂ የራሱን ዋጋ ከደኑ ያወጣል።

ለተረኛው ደብተር ስጡት። ቀን፣ የዞረበት አቅጣጫ፣ ያየው። ምንም ካላየ «ምንም» ብሎ ይጻፍ። ማንበብ የማይችል ከሆነ ልጁ ትጻፍለት። ቀለም ያልተቀባ ጉቶ ከተገኘ አዲስ ነው ማለት ነው። ተመዝግቦ እዚያው ቀለም ይቀባ።

ጠባቂ ሰው ላይ እጁን አያነሣም። ሥራው ማየት፣ ማስቆም፣ መመዝገብና መጥራት ነው። ይህን በጽሑፍ አስፍሩት።

6. ቅጣቱ ደረጃ ይኑረው

አንድ ጭራሮ የሰበረችውንም አንድ ጽድ የጣለውንም እኩል የሚቀጣ ደንብ ማንም አያከብረውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀላል ጥፋት ምክርና የግማሽ ቀን ሥራ፣ ችግኝ ኩትኳቶ ወይም ክትር ጥገና። ለሁለተኛ ጊዜ ገንዘብ። ለሦስተኛ ጊዜ ገንዘቡም ይጨምራል፣ የዚያ ዓመት የሣር ድርሻም ይቀራል። ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ጥፋቱ ከመጀመሪያው ከባድ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለንግድ የተጣለ ግንድ ወይም ሆን ተብሎ የተለኮሰ እሳት፣ የእናንተ ጉዳይ አይደለም። ለፖሊስና ለፍርድ ቤት ነው።

ገንዘቡን በብር ቆርጣችሁ አትጻፉ። ዛሬ የሚያስደነግጥ ቅጣት ከጥቂት ዓመት በኋላ የሻይ ዋጋ ይሆናል። «በአካባቢው የ3 ቀን የቀን ሥራ ዋጋ» ብላችሁ ጻፉ። ራሱን በራሱ ያድሳል።

ከብት ሲያዝ ብዙ ጊዜ የሚጣሉት በቅጣቱ ሳይሆን በአያያዙ ነው። ከብቱ ሳይመታ ወደ ታወቀ በረት ይወሰድ፣ ውኃ ይጠጣ፣ ባለቤቱ በዚያው ቀን ይጠራ። በተያዘበት ጊዜ ከብቱ ቢጎዳ ማን ይከፍላል? ቀድማችሁ ወስኑ። ከብት ጠባቂው ልጅ ከሆነ ተጠያቂው ወላጅ ነው፣ ልጁ አይገረፍም።

የኮሚቴ አባል ወይም ጠባቂ ካጠፋ ቅጣቱ እጥፍ ይሁን። ከመላው ደንብ ሰው ቶሎ የሚያምነው ይህን አንቀጽ ነው። የኮሚቴ አባል ዘመዱ ሲከሰስ ደግሞ ከወንበሩ ይነሣ።

ማስረጃ ላይ ጥብቅ ሁኑ። ድሮ አውጫጭኝ ተቀምጦ ሌባ ይወጣ ነበር። ዛሬ በዚያ መንገድ ከሄዳችሁ የቆየ ቂም ያለው ሁሉ ደኑን ሰበብ አድርጎ ይጠቋቆማል። ጠቋሚ ስሙ ይጠበቅለት፣ ግን ጥቆማ ብቻውን አይቅጣ። ሁለት ምስክር፣ ወይም ግንዱ ከጉቶው ጋር ሲገጥም የታየ። ውፍረቱና የውስጥ ቀለበቱ ሲገጥም ክርክር አያስነሣም።

ገደባችሁንም እወቁ። ሰው ማሰር፣ መደብደብ፣ ቤት መበርበር አትችሉም። ከእድር ማስወጣትን እንደ ቅጣት የሚጽፉ አሉ። እኔ አልደግፈውም። በአንድ ሸክም እንጨት ምክንያት የአንድን ሰው ቀብር መቅበር የሚከለክል ደንብ ሰውን ከደኑም ያጣላዋል።

የቅጣት ገንዘብ ያለ ደረሰኝ አይቀበሉ። በየሦስት ወሩ ስንት እንደገባና ምን ላይ እንደዋለ ለሰው ፊት ለፊት ይነበብ።

7. አጭር አድርጋችሁ ጻፉት፣ ከዚያ አጽድቁት

ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ይበቃል። «አግባብ ያለው እርምጃ ይወሰዳል» የሚል አረፍተ ነገር ካለ ሰርዙት። ምንም አይልም። አንድ አንቀጽ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«አንቀጽ 6። ማገዶ። ማንኛውም አባል ማክሰኞና ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ ከደኑ የወደቀ ደረቅ እንጨት አንድ ሸክም መውሰድ ይችላል። የሚገባውና የሚወጣው በታችኛው በር ብቻ ነው። ምሳር፣ መጥረቢያ፣ መጋዝ ይዞ መግባት የተከለከለ ነው። በሕመም ወይም በእርጅና መውጣት የማይችል አባል ወኪሉን በስም አስመዝግቦ መላክ ይችላል።»

አንድ ተጨማሪ አንቀጽ ብዙዎች ይረሱታል። መንገድ ወይም የመብራት መስመር የሚዘረጋ አካል ሲመጣስ? ሥራውን ላታስቆሙ ትችላላችሁ። ግን «የሚቆረጠው ዛፍ አስቀድሞ በጽሑፍ ይገለጽ፣ ከኮሚቴው ጋር ይቆጠር፣ ግንዱ ለማኅበሩ ይቅር» የሚል ጥያቄ በደንቡ ካለ መነጋገሪያ ይኖራችኋል።

ረቂቁን ሰው በሚናገረው ቋንቋ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ አንቀጽ በአንቀጽ። በዚያው ቀን አታስፈርሙ። ሁለት ሳምንት ስጡት። ሰው ቤቱ ገብቶ፣ ከሚስቱ ጋር ተማክሮ፣ ጠጅ ቤትም አምቶት ይምጣ። እውነተኛው አስተያየት የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ጊዜው መኸር ከተሰበሰበ በኋላ፣ ጥርና የካቲት ላይ ቢሆን ይሻላል። የገበያ ቀን ግን አይሁን።

በሁለተኛው ስብሰባ ድምፅ ይሰጥ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ሁሉም ይፈርም ወይም አውራ ጣቱን ያትም። ተቃውሞ ካለ እሱም ይጻፍ። ከዚያ ለቀበሌው ምክር ቤት ይቅረብ፣ የወረዳው ግብርና ወይም ደን የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ከአዋጁና ከክልሉ ሕግ ጋር እንዳይጋጭ አይቶ ማኅተም ያድርግበት። ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ባለበት ቅጂው እዚያ ይቀመጥ፣ ካልሆነ ክርክር የሚያየው አካል ማን እንደሆነ ከወረዳው አጣሩ። ለፖሊስ፣ ለአጎራባች ቀበሌ፣ ለቤተ ክርስቲያኑና ለመስጊዱም ቅጂ ስጡ። ቄሱና ሼኩ ከጸሎት በኋላ የሚናገሩት ሁለት ደቂቃ ከአንድ ቀን ስብሰባ ይበልጣል።

8. በመጀመሪያው ዓመት የሆነ ነገር አከፋፍሉ

ሰው ለአንድ ዓመት ከተከለከለ በኋላ ባዶ እጁን ከቀረ ለሁለተኛው ዓመት አይታገሥም። ደግነቱ ሣር ቶሎ ይመጣል። ከተከለለ የመጀመሪያው ክረምት በኋላ ለውጡ በዓይን ይታያል።

ሲደርስ ቦታውን በገመድ ለካክታችሁ እኩል ቦታ ሸንሽኑት፣ ቁጥር ስጡት፣ ዕጣ አውጡ። ሊቀመንበሩም እንደማንም ዕጣ ያነሣል። ከብት የሌላት ሴት ድርሻዋን ትሽጠው፣ መብቷ ነው። አጭዶ መሸከም የማይችል አረጋዊ ካለ ወጣቶች ይጨዱለት፣ በልዋጩ የተወሰነ ይውሰዱ።

በወላይታ ሁምቦ በ2006 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረውን ሥራ ብዙዎች የሚያውቁት በካርቦን ሽያጩ፣ ማለትም ዛፎቹ ከአየር ለሚይዙት ካርቦን በሚከፈለው ገንዘብ ነው። 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በ7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተከፋፍሎ፣ በአብዛኛው ከቆዩ ጉቶዎች እንዲያገግም ተደረገ። የካርቦኑ ገንዘብ ግን ኋላ የመጣ ነው። ቀድሞ አባላቱ እጅ የገባው ከተራራው የታጨደው ሣርና ከምልመላው የተገኘው ማገዶ ነበር። «ካርቦን እንሸጣለን» ብሎ ቃል የሚገባላችሁ ሰው ከመጣ ወረቀቱን አይታችሁ፣ ጠበቃ አማክራችሁ፣ ሣራችሁን እያጨዳችሁ ጠብቁ።

9. በየዓመቱ ክለሱት

ከመኸር በኋላ አንድ ቀን ለይታችሁ ደኑን እንደገና ዙሩ። አዲስ ጉቶ ቁጠሩ። የት በዛ? በየትኛው ወር? አንድ ቦታ ላይ በተደጋጋሚ የሚቆረጥ ከሆነ ወይ በሩ ተገቢ ቦታ ላይ አይደለም፣ ወይ ፈቃዱ ጠቧል፣ ወይ ጠባቂው አንድ የሚያውቀው ሰው አለ። ቅጣት ከመጨመራችሁ በፊት ምክንያቱን ፈልጉ። ብዙ ሰው የሚጥሰውን አንቀጽ ሰዉን ሳይሆን አንቀጹን ጠርጥሩት።

ማሻሻያውን እንደ ቀድሞው በጉባኤ አጽድቁ፣ የቀደመውን ቅጂ ከየቦታው ሰብስባችሁ አዲሱን ስጡ። ኮሚቴውን ስትመርጡ በአንድ ጊዜ ግማሹን ብቻ ቀይሩ፣ ያለበለዚያ የትኛው ዛፍ በማን ስም እንደተፈቀደ የሚያውቅ ሰው አይቀርም። ተሰናባቾቹ የጥበቃውን ደብተር፣ የደረሰኝ ጥራዙን፣ ካርታውንና የተረፈውን ቀለም ለተተኪዎቹ በፊርማ ያስረክቡ።